ረሃቤ ዝም ካለ በኋላ

ክብደት ለመቀነስ የሚደረገውን የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ባደረግኩ በአሥራ አንደኛው ቀን ከተቀመጥኩበት ስነሳ ዓይኔ ጨለመብኝና ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ሕመም አልነበረኝም፤ ቁስሌም በደህና ሁኔታ እየሻረ ነበር። ወደ ሆስፒታሉ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ነርስ ስለ ቁስሉ ከመጠየቋ በፊት «ዛሬ ምን ያህል ጠጥተዋል?» አለችኝ። ቆም ብዬ ሳሰላው፣ ከንጋት ጀምሮ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የጠጣሁት ሁሉ ተደምሮ አንድ ብርጭቆ አይሞላም ነበር። የበላሁትም ከአራት ማንኪያ መረቅ አይበልጥም። ከማነሱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን አለመራቤና አለመጠማቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሌሊት ከእንቅልፌ ሲቀሰቅሰኝ የኖረው ረሃብ ድምፁን አጥፍቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ እርሱ ካልጠራኝ በቀር ሰውነቴ ምግብና ውሃ መፈለጉን የማውቅበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስድስት ዓመት አልፏል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ የሁሉም ሥር ግን አንድ ነው። ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሆዱ የሚነግረውን ብቻ አምኖ መብላት አይችልም፤ በሰዓት፣ በልኬትና በዕውቀት መብላት ይኖርበታል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምጠቅሳቸው መጠኖች ለእኔ የተነገሩኝና በሕክምና መመሪያዎችም የሚገኙ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማውን ግን የራሱ የደም ምርመራና የራሱ ሐኪም ይወስኑታል።

በመጀመሪያ ሰውነታችን ውስጥ የተለወጠውን በትክክል ማወቅ ይጠቅማል፤ እኔ ይህን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። ለእኔ የተደረገልኝ ማለፊያ መንገድ የሚያበጀው፣ ባይፓስ የሚባለው ዓይነት ነው። ቀዶ ሐኪሙ ከጨጓራዬ የላይኛው ጫፍ 30 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሚይዝ ከረጢት ለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር አገናኘው። ስለዚህ የምበላው ምግብ የቀረውን ጨጓራና የትንሹን አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ሳይነካ ያልፋል። ብረትና ካልሲየም በደንብ የሚመጠጡት ደግሞ ከዚያ ከሚታለፈው የአንጀት ክፍል ነው። ቫይታሚን ቢ12ም ከምግብ ተላቅቆ ወደ ደም እንዲገባ የጨጓራ አሲድና ጨጓራው የሚያመነጨው ልዩ ፕሮቲን ያስፈልጉታል፤ ትንሹ ከረጢት ሁለቱንም የሚያመነጨው እጅግ በጥቂቱ ነው። ሌላው በስፋት የሚሠራው ዓይነት፣ ስሊቭ የሚባለው፣ ጨጓራውን በቁመቱ ቆርጦ ከአምስት እጁ አራቱን ያህል በማውጣት ጠባብ ቱቦ ያደርገዋል። ግሬሊን የተባለው ረሃብን የሚቀሰቅስ ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው በዚህ ጊዜ ከሚወጣው ክፍል በመሆኑ፣ ስሊቭ ያደረጉ ሰዎችም የእኔን የመሰለ የረሃብ ዝምታ ይገጥማቸዋል።

የባይፓስ ቀዶ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ሲጀመር፣ መነሻው በጨጓራ ቁስለት ምክንያት ከጨጓራቸው ከፊሉ የተወገደላቸው ሰዎች ክብደት ለመጨመር እንደሚቸገሩ መስተዋሉ ነበር። ይህን ሳነብ አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ፤ ክብደቴን የቀነሰልኝና ንጥረ ነገር የሚያጎድልብኝ ያው አንዱ ለውጥ ነው። አንዱን ፈልጌ ሌላውን ልሸሸው አልችልም፤ ጉድለቱን ዕድሜ ልኬን እየሞላሁ መኖር ግን እችላለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አመጋገብ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። እኔ በታከምኩበት ቦታ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውሃና የጠራ መረቅ ብቻ፣ ከዚያ እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወተትን የመሰሉ ወፈር ያሉ ፈሳሾች፣ እስከ አራተኛው ሳምንት በደንብ የተፈጨና ጓል የሌለው ምግብ፣ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ለስላሳ ምግብ፣ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ መደበኛ ምግብ ይፈቀዳል። ቀናቱ ከሆስፒታል ሆስፒታል ጥቂት ይለያያሉ፤ ምክንያቱ ግን በሁሉም ቦታ አንድ ነው። የተሰፋው የጨጓራ ጠርዝ እስኪጠና ድረስ ጠንካራ ምግብም ሆነ ተደጋጋሚ ማስመለስ ሊጎዳው ይችላል።

እኔ ይህን ደረጃ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጣስኩት። ርቦኝ አልነበረም፤ ለቤተሰቡ የተዘጋጀው የዶሮ ሥጋ ሽታው ስለጠራኝ ብቻ ሁለት ትንንሽ ቁራጮች በላሁ። ከደቂቃዎች በኋላ ከደረቴ አጥንት ጀርባ እንደ ድንጋይ የከበደ ነገር ተወተፈብኝ፤ አፌ አረፋ በሚመስል ምራቅ ተሞላ፤ መቀመጥም መተኛትም አቃተኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተሠቃይቼ አስመለስኩት። በነጋታው የሥነ ምግብ ባለሙያዬ ሳትቆጣ ያለችኝን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ «አፍዎና አፍንጫዎ የድሮዎቹ ናቸው፤ የተለወጠው ጨጓራዎ ብቻ ነው። ስለዚህ አፍዎ የሚሻውን ጨጓራዎ ይችለዋል ብለው አያስቡ» አለችኝ።

መደበኛ ምግብ ከተፈቀደ በኋላም ቢሆን አበላሉ ራሱ እንደ ሙያ የሚለመድ ነገር ነው። በሻይ ማንኪያ መብላት ጀመርኩ። እያንዳንዱን ጉርሻ እስኪልም ድረስ፣ ብዙ ጊዜ ሃያ እና ሠላሳ ጊዜ ያህል አኝካለሁ፤ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀምጬ ከዋጥኩ በኋላ እንጂ ቀጣዩን አልዘግንም። አንድ ማዕድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅብኛል። ደረቅ የዶሮ ደረት፣ ትኩስ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ለብዙ ሰው አስቸጋሪዎች ናቸው፤ ለእኔም በመጀመሪያው ዓመት አልተስማሙኝም፤ በእርጥበት የበሰለ ዓሣ፣ ለስላሳ እንቁላል፣ እርጎና በደንብ የበሰለ ምስር ግን በደህና ይወርዱልኝ ነበር። የጥጋብ ምልክቴም ተለውጧል። የድሮው የሆድ መወጠር አይሰማኝም፤ በምትኩ ከደረቴ በታች ቀለል ያለ ጫና፣ አንዳንዴ ስቅታ፣ አንዳንዴም ድንገተኛ የአፍንጫ ፈሳሽ ይመጣል። እነዚህን ምልክቶች ችላ ብዬ አንዲት ጉርሻ በጨመርኩ ቁጥር ተጸጽቻለሁ። ይህን የሚያነብ ሰው የራሱን ምልክት በመጀመሪያዎቹ ወራት በትኩረት እንዲፈልግ እመክራለሁ፤ ምልክቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ያለ ምልክት የሚቀር ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የውሃ ጉዳይ ከምግቡ ባልተናነሰ አስቸግሮኛል። ቢያንስ በቀን 1.5 ሊትር መጠጣት አለብኝ፤ ግን በአንድ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ፉት በላይ አይወርድልኝም፤ ከምግብ ጋር መጠጣትም ክልክል ነው፤ ከበላሁ በኋላም ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይኖርብኛል። ውሃው ትንሹን ከረጢት ይሞላና ለፕሮቲን የሚሆን ቦታ ያሳጣል፤ ወይም ምግቡን ቶሎ ወደ አንጀት ያወርደውና ጥጋቡን ያሳጥረዋል። እነዚህን ገደቦች ሁሉ ሳስብ መጀመሪያ ላይ ቀኑ የሚበቃኝ አልመሰለኝም ነበር። መፍትሔ የሆነኝ በላስቲክ ጠርሙስ ላይ በቀለም ሰዓት መጻፍ ነው፤ እስከ ሦስት ሰዓት እዚህ፣ እስከ ስድስት ሰዓት እዚህ፣ እያልኩ መሥመር አሰመርኩ። መጠማትን ሳልጠብቅ መሥመሩን አየሁ። ጋዝ ያላቸው መጠጦች ከረጢቱን ስለሚነፉና ስለሚያሳምሙ ትቻቸዋለሁ። የሽንት ቀለም መጥቆር፣ የአፍ መድረቅና ሲነሱ መዞር ካለ ውሃ አንሷል ማለት ነው፤ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሰዎች ተመልሰው ሆስፒታል እንዲገቡ ከሚያደርጉ የተለመዱ ምክንያቶች አንዱ ይኸው የውሃ እጥረት ነው።

ፕሮቲን ሁልጊዜ ከሳህኔ በመጀመሪያ የሚበላ ነው። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም እንዳደርስ ተነግሮኝ ነበር። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ ሰውነት ስብን ብቻ ሳይሆን ጡንቻንም ስለሚያቃጥል፣ በቂ ፕሮቲንና እንቅስቃሴ የሌለው ሰው የሚቀንሰው ክብደት ከፊሉ አቅሙ ነው። ቁጥሩን ወደ ምግብ መመንዘር አለብኝ ብዬ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሁሉንም በደብተር እመዘግብ ነበር። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ አንድ ኩባያ ወተት 8 ግራም፤ 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ገደማ፤ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት ሥጋ 30 ግራም ገደማ። ይህን ስደምረው በሁለተኛው ወር በምግብ ብቻ 35 ግራም እንኳ አይደርስልኝም ነበርና የፕሮቲን ዱቄት በወተት እየበጠበጥኩ መጠጣት ነበረብኝ። ዱቄቱን መውሰድ እንደ መሸነፍ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን በዚያ ጊዜ ያለ እርሱ ልሞላው እንደማልችል ቁጥሩ ራሱ አሳይቶኛል። አትክልትና ፍራፍሬ ከፕሮቲኑ ቀጥለው ይመጣሉ፤ እህል ደግሞ ቦታ ከተረፈ ብቻ።

በአራተኛው ወር ፀጉሬ በእፍኝ ይረግፍ ጀመር። ማበጠሪያውን ባየሁ ቁጥር አለቀስኩ። የሥነ ምግብ ባለሙያዬ እንዳስረዳችኝ፣ ከከባድ ቀዶ ሕክምናና ከፈጣን የክብደት መቀነስ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ ፀጉር መርገፉ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ተመልሶ ይበቅላል፤ የፕሮቲን፣ የብረት ወይም የዚንክ እጥረት ካለ ግን ሊባባስና ሊራዘም ይችላል። የእኔ በዓመቱ መጨረሻ ተመልሷል።

ስለ ስኳር ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ነበር፤ እስኪደርስብኝ ድረስ ግን አልገባኝም። በሰባተኛው ወር በልጄ የልደት ቀን ክሬም የተቀባ ኬክ ቆርሼ በላሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልቤ በፍጥነት መምታት ጀመረ፤ ላብ አጠመቀኝ፤ ሆዴን ቆረጠኝና ተቅማጥ ተከተለ፤ እንግዶቹን ትቼ አልጋ ላይ ተጋደምኩ። ይህ ዳምፒንግ ይባላል። ስኳሩ በጨጓራ ሳይቆይ በአንድ ጊዜ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ ከደም ውስጥ ፈሳሽ ወደ አንጀት ይስባል፤ ሰውነቱም በዚያ ይናወጣል። ብዙውን ጊዜ በተበላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚመጣው ይህ ዓይነቱ ነው። ሌላም አለ፤ ከተበላ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ የሚመጣ ነው። ስኳሩ በፍጥነት ወደ ደም በመግባቱ ሰውነት ከሚገባው በላይ ኢንሱሊን ይለቅና የደም ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል። ይህ በሁለተኛው ዓመት ደርሶብኛል፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሐሳቤ ተበታተነ፣ ቃል መምረጥ አቃተኝ። ያን ጊዜ ጣፋጭ ነገር ወስጄ ተሻለኝ፤ በዚያው ብቻ ብተወው ኖሮ ግን ውጣ ውረዱ እንደገና ይጀምር ነበር፤ ስለዚህ ወዲያው ፕሮቲን ያለበት ነገር እንድጨምር ተመከርኩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ባዶ ሆድ ላይ ጣፋጭና የተፈተገ እህል ብቻውን አለመብላት ነው። መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ችግር በቀላሉ እንዳያየው፤ ከተደጋገመም ለሐኪሙ ይንገር።

አሁን በጣም ወደምቆጭበት ጉዳይ ልምጣ። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ 43 ኪሎ ግራም ቀንሼ፣ ትንፋሼ ሳይቆራረጥ ደረጃ እየወጣሁ፣ በሕይወቴ ከሁሉ የተሻለ ጤንነት ላይ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር። ስለዚህ ጉድለቱን ለመሙላት በየቀኑ እንድወስዳቸው የታዘዙልኝን የቫይታሚንና የማዕድን እንክብሎች መዝለል ጀመርኩ። መጀመሪያ ካልሲየሙን፣ ቀጥሎ ብረቱን፣ በመጨረሻም ሁሉንም ተውኳቸው። «ደህና እየበላሁ አይደለም ወይ?» እል ነበር። ለሌላ ጉዳይ በሄድኩበት አንድ የሕክምና ቦታ ደሜ ተመርምሮ ሄሞግሎቢኔ፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ በመደበኛው ክልል ውስጥ ስለነበር «ምንም ችግር የለብዎትም» ተባልኩ፤ እኔም በዚያ ተዘናጋሁ። የብረት ክምችት የሚለካው ፌሪቲን ከሄሞግሎቢን ቀድሞ እንደሚወርድ፣ ማለትም ሄሞግሎቢን መደበኛ ሆኖም ጎተራው ባዶ ሊሆን እንደሚችል በዚያ ቀን የነገረኝ አልነበረም፤ የተደረገልኝን ቀዶ ሕክምና ግን ተናግሬ ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ የእግር ጣቶቼ ይደነዝዙ ጀመር። ምላሴ ይለበልበኛል፤ ከእንቅልፌ ደክሞኝ እነሳለሁ፤ በሥራ ቦታ የተናገርኩትን እደጋግማለሁ። ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት። ወደ ቀዶ ሕክምና ክትትሌ ተመልሼ በደንብ ስመረመር ፌሪቲኔ እጅግ ዝቅ ብሎ፣ ቢ12 ከመደበኛው በታች ሆኖ፣ ቫይታሚን ዲም ጎድሎ ተገኘ። ቢ12 በጉበት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ክምችት ስላለው ጉድለቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ያ ክምችት ነው ለዓመት ከመንፈቅ ሲያታልለኝ የቆየው። ብረት በደም ሥር፣ ቢ12 በመርፌ ተሰጠኝ። ድካሙ በሳምንታት ውስጥ ተሻለኝ፤ የጣቶቼ መደንዘዝ ግን ሙሉ በሙሉ እስኪለቀኝ ዓመት ያህል ወስዷል። የነርቭ ጉዳት በጊዜ ካልታከመ ላይመለስ እንደሚችል ሐኪሙ ሲነግረኝ የተሰማኝን ፍርሃት ሌላ ሰው እንዲቀምሰው አልፈልግም።

ስለዚህ ስለ እንክብሎቹ በዝርዝር እጽፋለሁ። የአሜሪካ የሜታቦሊክና የባሪያትሪክ (ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ) ቀዶ ሕክምና ማኅበር ባይፓስም ሆነ ስሊቭ ላደረገ ሰው በቀን ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ከምግብና ከእንክብል ተደምሮ ይመክራል። ሰውነት በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 600 ሚሊ ግራም የሚበልጥ ካልሲየም በደንብ ስለማይመጥ ከፋፍሎ መውሰድ ያስፈልጋል። ዓይነቱም ለውጥ አለው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ለመሟሟት የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ለእኛ የሚሻለው ካልሲየም ሲትሬት ነው። ለቫይታሚን ዲ 3,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት የደም መጠኑ እስኪስተካከል ድረስ፣ ለቢ12 በአፍ ከ350 እስከ 1,000 ማይክሮ ግራም በቀን ወይም በየወሩ 1,000 ማይክሮ ግራም በመርፌ፣ የወር አበባ ለሚያዩ ሴቶችና ባይፓስ ላደረጉ ሰዎች ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት በቀን ይመከራል። ብረትና ካልሲየም አንዱ የሌላውን መመጠጥ ስለሚያውክ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይኑር። ሻይና ቡናም ብረቱን ስለሚያግዱ ከእርሱ ይራቁ፤ ቫይታሚን ሲ ያለበት ፍራፍሬ ግን ይረዳዋል። እኔ ጠዋት ብረቱንና ባለብዙ ቫይታሚኑን እወስዳለሁ፤ ካልሲየሙን በምሳ፣ በአሥር ሰዓትና በመኝታ ሰዓት አከፋፍለዋለሁ። ስልኬ በየሰዓቱ ይጮኽልኛል፤ ከሰዓቱ ጩኸት በቀር የሚያስታውሰኝ ስሜት የለኝም።

ስለ ታያሚን፣ ማለትም ስለ ቫይታሚን ቢ1፣ በተለይ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የዚህ ጉድለት ለዓመታት አይጠብቅም። በሰውነት ውስጥ ያለው ክምችት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚበቃ በመሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሳያቋርጥ የሚያስመልሰው ሰው በፍጥነት ሊያልቅበት ይችላል። ከእኔ ጋር በአንድ ወር ቀዶ ሕክምና ያደረገች አንዲት እህት ለሁለት ሳምንት ያህል የበላችውን ሁሉ ስታስመልስ ቆይታ፣ «ጨጓራዬ እስኪለምድ ነው» በማለት ለማንም አልተናገረችም። ዓይኗ ነገሮችን መንታ አድርጎ ሲያሳያትና እግሯ ሲውተረተር ነው ቤተሰቧ ሆስፒታል ያደረሷት። ድናለች፤ ሚዛኗን ጠብቃ ለመራመድ ግን ወራት ፈጅቶባታል። ማስመለስ ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ከማስመለሱ ጋር መደናገር፣ የእይታ መዛባት ወይም የአካሄድ መንገዳገድ ከመጣ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄድ ሰውም የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ማድረጉን በግልጽ ይናገር፤ ታያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ ቢሰጥ ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል።

ጥቂት ሌሎች ጥንቃቄዎችን በአጭሩ ላንሳ። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች፣ ሲጋራም እንዲሁ፣ በተለይ ባይፓስ ባደረገ ሰው የተሰፋው መገጣጠሚያ ላይ ቁስለት ያመጣሉ፤ ለራስ ምታቴ የምወስደው ፓራሲታሞል ነው። አልኮል ከበፊቱ በበለጠ ፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ ትንሹ መጠን ያሰክራል፤ ከምግብ ጋር የነበረው ጥብቅ ትስስር ወደ መጠጥ የዞረባቸው ሰዎችም አሉ። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሐሞት ጠጠር ስለሚበዛ ከምግብ በኋላ በቀኝ ጎን ከጎድን በታች የሚመጣ ብርቱ ሕመም ይታይ። ሴቶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ እርግዝናን እንዲያዘገዩ ይመከራል።

ረሃብ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ማንም አጥብቆ አልነገረኝም ነበር። በእኔ ላይ በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ደስ አለኝም፣ ፈራሁም። ጨጓራዬ አሁንም ትንሽ ስለሆነ ሥጋና አትክልት ብዙ መብላት አልችልም፤ ብስኩት፣ ቸኮላትና አይስክሬም ግን አኝኮ ማላም ስለማያስፈልጋቸው ከረጢቱን ሳይሞሉ ተንሸራትተው ይወርዳሉ። በመጠን ትንሽ የምበላ እየመሰለኝ ቀኑን ሙሉ ስቀማምስ በስምንት ወር ውስጥ 6 ኪሎ ግራም ጨመርኩ። ዝቅተኛው ክብደት ላይ ከተደረሰ በኋላ ጥቂት መመለሱ የተለመደ መሆኑን ባውቅም፣ የእኔ ከየት እንደመጣ ግን አውቅ ነበር። ወደ ደብተሬ ተመለስኩ። ከእያንዳንዱ ምግብ ጎን ሰዓቱንና በዚያ ሰዓት የተሰማኝን ጻፍኩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሳነበው ብስኩቱ ያለው ሁልጊዜ ከእናቴ ሕመም ጋር በተያያዘ ከምቀበለው ስልክ በኋላ ነበር። ሆዴ አልራበም ነበር። ከዚያ በኋላ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ለአምስት ወራት ሄድኩ፤ ከምግብ ምክሩ እኩል ጠቅሞኛል፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ብጀምረው ኖሮም ብዬ ተቆጭቻለሁ።

ከሰው ጋር መብላትም ልምምድ ጠይቋል። ሰዎች ከፍቅር የተነሳ «ምነው? አልጣመሽም እንዴ?» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጉርሻዬን ይቆጥራሉ። ለቅርብ ሰዎቼ ነገሩን በግልጽ አስረድቻለሁ፤ ለሌሎቹ ግን «ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወሬውን እቀጥላለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ እኔ አጠገቡ ሆኜ መብላት ያሳፍረው ነበር፤ ደብቆ ወጥ ቤት ቆሞ ሲበላ ያገኘሁት ቀን ከሁሉም በላይ አዘንኩ። አሁን አብረን እንቀመጣለን፤ እርሱ ሲጨርስ እኔ ገና ግማሽ ላይ ነኝ፤ እስክጨርስ ይጠብቀኛል።

የደም ምርመራዬን በመጀመሪያው ዓመት በሦስት፣ በስድስትና በአሥራ ሁለት ወር፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አደርጋለሁ። የምጠይቀውን ዝርዝር ራሴ ጽፌ እሄዳለሁ፤ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ፌሪቲን፣ ቢ12፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም፣ ፓራታይሮይድ ሆርሞን፣ አልቡሚን፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ። ውጤቶቹንም በአንድ ፋይል አስቀምጣለሁ፤ አንድ ቁጥር ገና በመደበኛው ክልል ውስጥ እያለ ከዓመት ዓመት እየወረደ መምጣቱ የሚታየው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ባለፈው ወር በተደረገልኝ ምርመራ ብረቱና ቢ12 ደህና ናቸው፤ ቫይታሚን ዲ ግን እንክብሉን ሳላቋርጥ እየወሰድኩ እንኳ ጥቂት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ሐኪሙ መጠኑን ጨምሮልኛል፤ ከሦስት ወር በኋላ በድጋሚ እመረመራለሁ።